ወላጅ ይጠራ፤ ልጁ ግን ክፍል ይግባ

“ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ” ይላሉ አበው። እኔ ደግሞ ት/ቤትም ልጅን ሲቀበል ከነቤተሰቡ እንደሆነ ማወቅ አለበት እላለሁ። ከቤተሰብ መካከል ማንበብ የሚችልም የማይችልም አለ። ሲጠራ ወዲያው የሚደርስ አለ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ቤት ተቀጥሮ የሚውልም አለ። እናትና አባቱ አብረውት ያሉ ልጅ አለ፤ ከአያቱ ወይም ከአክስቱ ጋር የሚኖርም አለ። ት/ቤቶቻችን ለቤተሰብ የሚያወጡት ደንብ ግን ይህን ሁሉ ሰው እንደ አንድ ሰው ይቆጥራል። ያ አንድ ሰው ደግሞ ምንጊዜም ሥራ የሌለው፣ ደብዳቤ አንብቦ የሚረዳና ከት/ቤቱ አጥር ሥር የሚኖር ይመስላል።

በዚህ ጽሑፍ ላነሳ የፈለግሁት ከእነዚህ ደንቦች መካከል አንዱን ብቻ ነው። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ “ወላጅ ይዘህ ና፤ ካላመጣህ ክፍል አትገባም” የሚለው ነው። እዚህ ኮሌጅ ከደረስን ተማሪዎች መካከል ይህን ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ለራሱ ባይባል አጠገቡ ለተቀመጠው ልጅ ሲባል ሰምቷል። ስለለመድነው እንደ ትክክለኛ ነገር እናየዋለን። እንደ እኔ እምነት ግን ወላጅ መጥራቱ ትክክል ነው፣ ወላጅ እስኪመጣ ልጁን ከትምህርት መከልከሉ ግን ትክክል አይደለም። በተለይ ደግሞ 6ኛ ክፍል ላይ።

ለምን 6ኛ ክፍል? የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃን 8 ዓመት አድርጎ፣ ከ1ኛ እስከ 4ኛ እና ከ5ኛ እስከ 8ኛ በሚል በሁለት እርከን ከፍሎት ነበር። አሁን ኮሌጅ ያለነው ብዙዎቻችን ያለፍነው በዚሁ ነው። ያኔ 6ኛ ክፍል መሀል መንገድ ላይ ያለች፣ ማንም የማይፈራት ክፍል ነበረች። የሚፈራው 8ኛ ነበር፤ “ሚኒስትሪ” እዚያ ነውና። አሁን ነገሩ ተቀይሯል። አዲሱ አደረጃጀት 6-2-4 ነው። የመጀመሪያ ደረጃ 6ኛ ላይ ያበቃል፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ሆነዋል። በአዲስ አበባም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የ6ኛ ክፍል ልጆች ለከተማ አቀፍ ፈተና ይቀመጣሉ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ መፈተኛ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ከማያውቃቸው ፈታኞች ፊት ይቀመጣል ማለት ነው።

ትምህርቱም ቢሆን እንደ ታችኛው ክፍል አይደለም። ሒሳብን ብቻ እንውሰድ። የቁጥሮች ተካፋይነት ያልገባው ልጅ ክፍልፋዮችን መደመር ይቸግረዋል። ክፍልፋይ ያልገባው አስርዮሽና መቶኛ ላይ ይደናገራል። አንዱ በአንዱ ላይ የሚቆም ነውና ሁለት ሦስት ቀን የጎደለው ልጅ የጎደለው የሁለት ሦስት ቀን ትምህርት ብቻ አይደለም። ከዚያ በኋላ የሚመጣውንም እያየ አያየውም። መምህሩ ደግሞ ፈተናው በተወሰነለት ቀን ስለሚመጣ ወደ ኋላ ተመልሶ ለአንድ ልጅ የሚያስተምርበት ጊዜ የለውም። መጽሐፉን መጨረስ አለበት።

አንድ ምሳሌ ላንሳ። ምሳሌው ከራሴ ቤት ነው። እናታችን እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስታ ምጣድ ትጥዳለች፤ ጠዋት ደግሞ ታከፋፍላለች። ታናሽ እህቴ 6ኛ ክፍል በነበረችበት ዓመት አንዳንድ ጠዋት እናታችንን አግዛ፣ በአቅራቢያችን ላለ ምግብ ቤት እንጀራ አድርሳ ነበር ወደ ት/ቤት የምትሄደው። በዚህ ምክንያት በአንድ ወር ሦስት ጊዜ አረፈደች። አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ “ወላጅ ይዘሽ ነይ፤ ካላመጣሽ እንዳትገቢ” ተባለች። ለምን እንደተጠራን የሚገልጽ ወረቀት የለም፤ በስንት ሰዓት፣ ማን ዘንድ እንደምንቀርብ የሚናገርም የለም። ይቺው የቃል መልእክት ናት።

እናታችን በማግስቱ መሄድ አልቻለችም። የታዘዘ እንጀራ ነበረባት፤ አንድ ቀን ካጎደለች ደንበኛ ይሄድባታል። ማክሰኞ እህቴ ብቻዋን ሄዳ ከበር ተመለሰች። ረቡዕ እኔ አብሬያት ሄድኩ። የኮሌጅ መታወቂያዬን አሳየሁ፣ ታላቅ ወንድሟ መሆኔን ተናገርኩ። “ወንድም ወላጅ አይደለም፤ እናት ወይ አባት ይምጣ” ተባልኩ። ሐሙስም እንደዚያው ሆነ። ዓርብ እናታችን ሥራዋን ለጎረቤት ሰጥታ ሄደች። ንግግሩ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። “ሁለተኛ እንዳታረፍድ ይምከሯት፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ” አሏት፤ ፈረመች። ለምን እንደምታረፍድ የጠየቃት የለም። ልጅቷ በእነዚያ ቀናት ምን ትምህርት እንዳመለጣት፣ እንዴት ልታካክሰው እንደምትችል የነገራትም የለም። እናቴ ማታ ላይ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ “እኔ የተጠራሁት እንድትማር ነው እንዳትማር?” አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

እስቲ እንደምር። በቀን 6 ክፍለ ጊዜ ቢኖር፣ አንዱ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ቢሆን፣ ሦስት ቀን ማለት 18 ክፍለ ጊዜ፣ 720 ደቂቃ፣ 12 ሰዓት ሙሉ ነው። ልጅቷ ሦስት ጊዜ ያረፈደችው አንድ ላይ ተደምሮ አንድ ሰዓት አይሞላም። አንድ ሰዓት ትምህርት አባክነሻል ተብላ የ12 ሰዓት ትምህርት ተወሰደባት ማለት ነው። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ሒሳብ የት ይገኛል? ለዚያውም ሒሳብ በሚያስተምር ቤት!

እነዚያን ቀናት የት እንደዋለች መጨረሻ ላይ ነው የነገረችን። ማክሰኞና ሐሙስ ቤት አልመጣችም። እናታችንን ማስጨነቅ ፈርታ ከት/ቤቱ ግንብ ጥግ፣ ቆሎና ማስቲካ ከሚሸጡት ሴትዮ አጠገብ ተቀምጣ ነው የዋለችው። የአሥራ ሁለት ዓመት ሴት ልጅ መንገድ ዳር መዋሏ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ አልዘረዝርም። ት/ቤቱ ልጅቷ ቤቷ እንዳለች ያስባል፣ ቤተሰብ ት/ቤት እንዳለች ያስባል፣ ልጅቷ ግን መሀል ላይ ናት።

ሌላም ነገር አለ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በመንግሥት ት/ቤቶች ለሚማሩ ልጆች ቁርስና ምሳ ማብላት፣ ዩኒፎርምና ደብተርም በነፃ መስጠት መጀመሩ ይታወቃል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የድሃ ልጅ ከት/ቤት የሚቀርባቸውን ዋና ዋና ምክንያቶች ለመንቀል የተደረገ ነው፤ ረሀቡን፣ ልብሱን፣ ደብተሩን። ታዲያ ይህ ሁሉ ወጪ ወጥቶ ልጁ በር ድረስ ከመጣ በኋላ በሩ ላይ “ወላጅ የታለ?” ተብሎ ሲመለስ ምን ይባላል? በር ላይ የተመለሰ ልጅ የሚያጣው ትምህርቱን ብቻ አይደለም። ቁርሱንም ምሳውንም ያጣል። ምግቡ ያለው ግቢ ውስጥ ነዋ!

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ት/ቤቶች በመላ አገሪቱ ሲዘጉ ሁላችንም ተጨንቀን ነበር። በሬዲዮ ትምህርት፣ በቴሌቪዥን ትምህርት፣ በቴሌግራም ትምህርት ተባለ። ልጆች ከክፍል መራቃቸው ጉዳት እንደሆነ ሚኒስትሩም ወላጁም ተስማምተው ነበር። ታዲያ ለሁሉም ልጅ ሲዘጋ ጉዳት የሆነው ነገር ለአንድ ልጅ ብቻ ሲዘጋ እንዴት ሥነ ሥርዓት ማስያዣ ሆነ?

አሁን የመምህራንን ወገን ልይ። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ፍትሐዊ አልሆንም፤ ጋዜጠኝነት የምንማርም ከሆነ የሁለቱንም ወገን መስማት አለብን። አንድ የማውቃቸው የመጀመሪያ ደረጃ መምህር ስለዚህ ጉዳይ ስጠይቃቸው ሳቁብኝና “ክፍል ካልከለከልነው የሚመጣ ወላጅ ያለ ይመስልሃል?” አሉኝ። ደብዳቤ ቢላክ ልጁ መንገድ ላይ ይጥለዋል፣ ስልክ ቢደወል አይነሳም፣ ስብሰባ ቢጠራ ሃያ ሰው አይሞላም። ለመጀመሪያ ደረጃ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ የሚለው መለኪያም በብዙ ቦታ ወረቀት ላይ ነው የሚገኘው። ያን ሁሉ ልጅ ይዞ የሚያስተምር መምህር አንድ አስቸጋሪ ልጅ ትምህርቱን ሲያውክበት ምን ያድርግ? መምታት አይችልም፤ ደግሞም መምታት የለበትም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በት/ቤት ከአካል ቅጣት የተጠበቁ እንዲሆኑ ደንግጓል። እኒህ መምህር “አርጩሜውን አስቀመጥን፤ ማስወጣቱንም ተዉ ካላችሁን በባዶ እጃችን ምን እንሥራ?” ነው የሚሉት።

ጥያቄያቸው እውነተኛ ጥያቄ ነው። ሆኖም መልሱ ማስወጣት ነው ብዬ አላምንም። ያው አንቀጽ 36 እኮ ሕፃናትን በሚመለከት በሚወሰድ እርምጃ ሁሉ ቀድሞ መታየት ያለበት የልጁ ደህንነት ነው ይላል። አርጩሜ የልጁን ገላ ይጎዳ ነበር፤ ማስወጣት ደግሞ ትምህርቱን ይጎዳል። ከዚህም በላይ ማስወጣት የሚቀጣው ማንን እንደሆነ እንመልከት። ስልክ ሲደወልለት በመኪና የሚደርስ ወላጅ ያለው ልጅ ያንኑ ቀን ክፍል ይገባል። እናቱ የቀን ሠራተኛ የሆነች ልጅ ሦስት ቀን ይቀራል። እናቱ ቤሩት ወይም ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ፣ እሱ ግን ከአያቱ ጋር የሚኖር ልጅስ? ጥፋቱ አንድ ነው፣ ቅጣቱ ግን እንደየቤቱ ድህነት ይለያያል። ለአንዱ ግማሽ ሰዓት፣ ለሌላው አንድ ሳምንት የሚሆን ቅጣት ፍርድ ሊባል አይችልም።

ሌላው ትልቁ ነገር፣ ወላጅ ለምንድነው የሚጠራው? የሚለው ነው። በመንግሥት ት/ቤት ወላጅ የሚጠራው ልጅ ሲያጠፋ ነው። በግል ት/ቤት ደግሞ በዚያ ላይ የክፍያ ጭማሪ ሲኖር ይጠራል። “ልጅዎ በዚህ ወር ይህን ይማራል፣ ይህን ችሏል፣ ይህ ግን አልገባውም፣ ቤት ውስጥ እንዲህ ቢያደርጉ ይረዳዋል” ለመባል የተጠራ ወላጅ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም። ወላጅ የትምህርቱን ወሬ የሚሰማው ካርድ ሲሰጥ ነው፤ ያኔ ደግሞ ነገሩ አልቋል። እንግዲህ ወላጅ ት/ቤት ሲባል ውርደትና ገንዘብ ብቻ ትዝ የሚለው ከሆነ፣ ሲጠራ ቢደበቅ ምን ይገርማል? “ወላጅ አይመጣም” የሚለው ችግር በከፊል ት/ቤቱ ራሱ ያመጣው ነው ማለት ነው።

ደግሞ ይህ የመመሪያ እጦት አይደለም። ትምህርት ሚኒስቴር በ1994 ዓ.ም. ባወጣው የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያ የወላጅና መምህር ኅብረት (ወመኅ) በየት/ቤቱ ሥልጣንና ተግባር ተሰጥቶታል። ከሥራዎቹም አንዱ ከትምህርት የሚቀሩና የሚያቋርጡ ልጆች እንዲመለሱ መርዳት ነው። በገጠር የወመኅ አባላት ልጁ ለምን ቀረ ብለው ቤት ለቤት የሚሄዱበት ቦታ አለ። ከተማ ውስጥ ግን ልጁ በር ላይ ቆሞ ልግባ እያለ እኛው እንመልሰዋለን። በአንድ እጅ መጥራት፣ በሌላው እጅ መግፋት ይሏል ይህ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ነቅፎ ብቻ መሄድ ስለማልወድ የታየኝን ልጻፍ። ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር የለበትም።

መጀመሪያ፣ ወላጅ የተጠራበት ልጅ ወላጁ እስኪመጣ ድረስ ክፍሉ ውስጥ ይቀመጥ። ክፍሉን እያወከ ካስቸገረም ከግቢ አይውጣ፤ በዩኒት ሊደሩ ቢሮ ወይም በቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ የዕለቱን ትምህርት ይሥራ፣ ምሳውንም ይብላ። ሁለተኛ፣ ጥሪው በወረቀት ይሁን። ምክንያቱ፣ የሚቀርቡበት መምህርና ሁለት ሦስት አማራጭ ቀኖች ይጻፉበት፤ ከአማራጮቹ አንዱ ከሥራ ሰዓት ውጪ፣ ለምሳሌ ጠዋት ከደወል በፊት ወይም ቅዳሜ ይሁን። ማንበብ ለማይችሉ ደግሞ ስልክ ይደወል፣ ወይም በሰፈር ልጅ ይነገር። ሦስተኛ፣ “ወላጅ” የሚለው ቃል ልጁን በእውነት የሚያሳድገውን ሰው ይጨምር። አያት፣ አክስት፣ ታላቅ እህት ወይም ወንድም በምዝገባ ጊዜ በስም ይመዝገቡ፤ በኋላ ክርክር አይኖርም።

አራተኛውና ዋናው፣ ት/ቤት ለወላጅ ስለ ትምህርቱ ይናገር። 6ኛ ክፍልን ለሚያስተምሩ መምህራን በወር አንድ ገጽ ጽፎ፣ አባዝቶ መላክ ከባድ አይመስለኝም። “በዚህ ወር በሒሳብ ክፍልፋይ እንማራለን። እንጀራ ወይም ዳቦ ስትቆርሱ ግማሹ ስንት፣ ሩቡ ስንት ብላችሁ ጠይቁት። በአማርኛ አንቀጽ መጻፍ እንማራለን። የዛሬ ውሎህን ጽፈህ አንብብልኝ በሉት።” እንዲህ ያለ ወረቀት የደረሳት እናት፣ ራሷ ባትማርም፣ ልጇ እንዲያነብላት ታደርጋለች። ማንበቡ በራሱ ትምህርት ነው። እናቴ ሩብና ግማሽን ከማንም መጽሐፍ በላይ ታውቃለች፤ በየቀኑ ጤፍ የምትሰፍር ሴት ናት። ይህን ዕውቀቷን የጠየቃት ት/ቤት ግን የለም። የጠየቃት ፊርማዋን ብቻ ነው።

በመጨረሻ ለእኛ ለራሳችን፣ ለትምህርት ክፍላችን ሰዎች አንድ ነገር ልበል። የ12ኛ ክፍል ውጤት በየዓመቱ ትልቅ ዜና ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ደነገጠ፤ ጋዜጣው፣ ሬዲዮው፣ ቴሌቪዥኑ ስለ እሱ ብቻ አወራ። መደንገጡ ተገቢ ነው። ግን ክፍል ሳይደግም የመጣ ከሆነ በ2014 የተፈተነው ልጅ በ2008 ዓ.ም. 6ኛ ክፍል ነበር። ያኔ ስለ እሱ ማን ጻፈ? ክፍልፋይ ሲያመልጠው፣ ከበር ሲመለስ፣ ግንብ ጥግ ሲውል ማን አየው? እኛ ነገ ማይክ ይዘን ስንወጣ ሚኒስትሩ መግለጫ የሚሰጥበት አዳራሽ ብቻ መሄድ የለብንም። አንድ ጠዋት በማንኛውም ሰፈር የመጀመሪያ ደረጃ ት/ቤት በር ላይ ከደወል በኋላ ሃያ ደቂቃ ብንቆም የሚጻፍ ነገር እናገኛለን። ውጪ የቀሩትን ልጆች መቁጠር ብቻውን ዜና ነው።

በት/ቤት አመራር ላይ ያላችሁ፣ መምህራን የሆናችሁ፣ ወይም እንደ እኔ ለታናናሾቻችሁ የምትፈርሙ አንባብያን በዚህ ጉዳይ ሐሳባችሁን በሚቀጥለው እትም ብትጽፉ ደስ ይለኛል። የማይስማማ ካለም ይጻፍ፤ እኒያ መምህር ያነሱት ጥያቄ ገና አልተዘጋምና። የኔ አቋም ግን ይኸው ነው። ልጅ ሲያጠፋ ይገሠጽ። ወላጅም ይጠራ፣ ይምጣ፣ ይነጋገር፣ ቢያስፈልግ ይወቀስ። እስከዚያው ድረስ ግን ደወሉ ሲደወል ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ክፍል ይግባ።